በእግዜር ያሳበብነው ዕድሜ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ዘመን ተለወጠ። በዚያ ሰሞን ዋሽንግተንም ፍራንክፈርትም ዱባይም ያለው የኢትዮጵያዊ ስልክ በምርቃቱና በእንቁጣጣሹ መልእክት ሲንጫጫ ሰነበተ። ስለ ግድቡ ብዙ ተብሏልና እኔ የምጨምረው የለኝም፤ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው ዕድሜው ብቻ ነው። መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ስለሆነ 14 ዓመት ፈጅቷል። ያኔ ቦንድ ሲገዛ «ሲያልቅ አገሬ ገብቼ አየዋለሁ» ያለ ሰው ጥቂት አልነበረም። ግድቡ አለቀ። መሠረቱ በተጣለበት ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደው ልጅ ቁመቱ እናቱን ሊያህል ደርሷል፤ አያቱ በዓመት በዓል ስትደውል «ደህና ነኝ» ይልና ስልኩን ለእናቱ ይመልሳል። እኛም እንደ ወትሮው «የዓመት ሰው ይበለን፣ ለከርሞ በአገራችን ያድርገን» ተባብለን ወደየሺፍታችን ተመለስን። ጊዜው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሳችን የተዘጋጀ ነው፤ «ምን ይደረግ፣ ዕድላችን ነው»።

በውጭ የምንኖር ሰዎች ዕድልንና ምርጫን አገላብጠን ይዘናል ባይ ነኝ። በዕድል ያገኘነውን በጉብዝናችን እንጽፋለን፤ በገዛ እጃችን ያሳለፍነውን ግን በእግዜር እናሳብባለን። ብዙዎቻችንን ከአገር ያወጣን በእርግጥም ዕድል ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከተማሩ ልጆች አንዱ ሌሊት ሌሊት ተጉዞ ገዳሪፍ ሲገባ ሌላው በቀይ ሽብር ሞቷል። የተረፈው ከሞተው ይልቅ ብልህ ስለነበረ አይደለም። ዲቪም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቪዛ ሲያድል የኖረ ዕጣ ነው፤ የሚያወጣውም ኮምፒዩተር ነው። አብረው ተሰልፈው ፎርም ካስሞሉ ጓደኛሞች ለአንዱ ደረሰው፣ ለሌላው አልደረሰውም። የደረሰው ሰው ከዓመታት በኋላ ቦሌ ወርዶ፣ ያልደረሰውን ጓደኛውን ስለ ሥራ ወዳድነት ሲመክር መስማት ያሳፍራል። ችግር ገጥሞት ገንዘብ የጠየቀ ዘመድ ሁሉ በእኛ አፍ «ሰነፍ» ነው። እዚህ ላይ «ዕድሌ ነው» የሚል አንድ ሰው አይገኝም።

ዕድል የሚጠራው ከመጣን በኋላ የሆነው ሲነሳ ነው። በነበረው ትምህርት ላይ ጥቂት ኮርስ ጨምሮ ነርስ ወይም አካውንታንት መሆን ይችል የነበረ ሰው «ለጊዜው» ብሎ ፓርኪንግ ይገባና ጸጉሩ እዚያው ይሸብታል። ፓርኪንግ መሥራት ነውር አይደለም፤ ስንቱ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶበታል። ነውሩ ኮሌጁ በየዓመቱ ሲመዘግብ ዞር ብለው ሳያዩ፣ በሃያኛው ዓመት «አልተጻፈልኝም» ማለት ነው። ልጆቹ አማርኛ አለመስማታቸውም «የዚህ አገር ነገር ነው» ይባላል። ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ያሳደጋቸው ግን ይህ አገር አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ፊደል ሲያስቆጥር አባት ልጁን እግር ኳስ ልምምድ ያደርሰዋል። እግር ኳሱን መምረጥ መብቱ ነው። የመረጠውን የአሜሪካ ጥፋት ማድረግ ግን መብቱ አይደለም።

ይህ ልማድ ከሁሉ የሚከፋው በሞት ላይ ነው። በእንጀራ መሸጫው የመስታወት በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የማያውቅ የለም። የመታወቂያ ፎቶ እስኪደበዝዝ ተነፍቶ፣ ከጎኑ ሻማ ተደርጎ፣ ከሥሩ «አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት» ይላል፤ ገንዘብ የሚላክበት ስልክ ቁጥርም አለው። ያለፈው ወር ወረቀት ሳይነሣ የዚህ ወር በላዩ ይለጠፍበታል። በክፉ ቀን የማንጨካከን ሰዎች መሆናችን ያኮራል፤ መዋጮውም ይቀጥል። ነገር ግን ሟቹ ሃያ ዓመት የሠራ፣ ሁለት መኪና የነዳ፣ ሚስትና ልጆች የነበሩት ሰው ሲሆን ዝም ማለት ደግ አይደለም። ዕድር ግባ ሲባል «አታሟርትብኝ» ብሏል። ላይፍ ኢንሹራንስ ሲባል «እሱ ያውቃል» ብሏል። ኑዛዜ ስላልጻፈ አሜሪካ ያፈራውን ንብረት የሚያከፋፍለው የስቴቱ ሕግ ነው፤ አዲስ አበባ በወንድሙ ስም ያሠራው ቤት ደግሞ ዋርሳና ምራትን ችሎት ያቆማል። መሞቱ የእግዜር ፈቃድ ነው። ልጆቹ በጎፈንድሚ ማደራቸው ግን የእርሱ የራሱ ሥራ ነው።

«አገሩ ሰላም ቢሆን መች እዚህ እንቀመጥ ነበር» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነትነት አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት ያየ፣ ዛሬም ከአማራና ከኦሮሚያ የሚመጣውን ወሬ የሚሰማ ሰው ልጆቹን ይዞ አልገባም ቢል አይፈረድበትም። ሰበባችን ግን ታሪክ አለው። ደርግ ይውደቅ እንጂ እንገባለን አልን፤ በ1983 ወደቀ። ኢሕአዴግ ይለወጥ አልን፤ ሐምሌ 2010 ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ አዳራሽ ሞልተን ለለውጡ አጨበጨብን። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወጣም ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ሰበቡ ቦታ ይለውጣል፤ ፖለቲካው ሲሻል ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው፣ ልጆቹ ሲመረቁ የቤቱ ዕዳ አላለቀም፣ ዕዳው ሲያልቅ ስኳርና ደም ግፊቱ ሐኪም አያርቅም። በቁም ነገር ሊገባ ያሰበ ሰው በስሌቱ ያስታውቃል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ክሬዲት፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ያለውን ሕክምና በአብዛኛው እንደማይሸፍን አጣርቶ የት እንደሚታከም፣ በምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይጨርሳል። ይህን ያልነካ ሰው ናፍቆት እንጂ ዕቅድ የለውም። መቅረትም ቢሆን መልካም ውሳኔ ነው፤ ቀርቻለሁ ብሎ የቆረጠ ሰው በሚኖርበት ከተማ ድምፁን ይሰጣል፣ የልጁ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ይገኛል፣ የጎረቤቱን ስም ያውቃል። የእኛ አበሳ ሳይቀሩም ሳይገቡም ሠላሳ ዓመት መክረም ነው።

ሌላው መቃወሚያ ከሃይማኖት ይነሣል፤ ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል ይባላል። አባባሉ ራሱ ድርሻ ለይቶ ሰጥቷል፤ የማሰቡ ተራ የሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ግቡ የምትለው ነጻ ፈቃድ አላችሁ ስለምትል ነው፤ ምርጫ ያልነበረው ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? ሙስሊሙም ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን ተምሮ ያደገ ነው። እምነትና ሥራ አብረው ለመሄዳቸው ቤተ እስራኤላውያንን የሚያህል ምስክር የለንም። ኢየሩሳሌም መግባት ለእነርሱ የአምላክ ቃል ኪዳን ነበር፤ በስግድ በዓል ተራራ ላይ ወጥተው ለዘመናት ጸልየውበታል። ቃል ኪዳን ነው ብለው ግን ጎንደር ተቀምጠው አልጠበቁትም። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ሕፃናት አዝለው በእግር ወደ ሱዳን ሲወርዱ 4,000 ያህሉ በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል። ከተረፉት ብዙዎቹ በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን አንድ ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ የተነሡት ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎችም ቀዬአቸውን ጥለው ዋና ከተማው ድረስ የመጡ ነበሩ። ያመኑም የተጓዙም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እኛ ከሁለቱ ማመኑን ብቻ አስቀርተን መንገዱን ለእግዜር ትተንለታል።

የሚከብደው መቃወሚያ የመጨረሻው ነው፤ በእርግጥም ምርጫ የሌለው ስንት ወገን አለ። ቤይሩት ፓስፖርቷ በእመቤቷ መሳቢያ የተቆለፈባት፣ በከፋላ ሥርዓት ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ቤት መቀየር የማትችል እኅታችን «ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው» ስትል እውነቷን ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ስታባርር ትቀራለህ ወይስ ትሄዳለህ ተብሎ የተጠየቀ አልነበረም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ፓስፖርቱ በኪሱ፣ መኪናው በደጁ፣ ደመወዙ በባንኩ ያለ ሰው የዚያችን ልጅ ቃል ተውሶ ስለ ራሱ ሲያለቅስ በእርሷ ላይ እንደመቀለድ ነው። የድሮ ሰዎች፣ አንድ ሻንጣ ይዘው የመጡት፣ እንዲህ አልነበሩም። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው አድረው፣ ዕቁብ ጥለው፣ ማኅበርና ዕድር አቋቁመው፣ በቀሪው ገንዘብ ታናናሾቻቸውን አስመጥተዋል። በያዙት ላይ ይወስኑ ነበር። እኛ የያዝነው ሲበዛ ውሳኔያችን አነሰ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ጥቂት ነገር ጨርሱ። ዕድር ግቡ፣ ኑዛዜ ጻፉ። አዲስ አበባ በዘመድ ስም ያለውን ቤት ሁላችሁም በሕይወት ሳላችሁ በወረቀት አስተካክሉ። የምትገቡ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱን ቆርጣችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ፤ የምትቀሩ ከሆነም ሳታፍሩ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እነርሱም አገራቸው የት እንደሆነ ይወቁት። የትና መቼ እንደምንወለድ እግዜር አልጠየቀንም፤ መቼ እንደምንሞትም አይጠይቀንም። በመካከል ያለውን ግን ለእኛ ሰጥቶናል፤ እርሱ ባልሠራው ሥራ ስሙን አታንሡ።