ጎንደርን የሠራው እጅ የማን ነው?

ባለፈው የክረምት ሴሜስተር ከእኛ መካከል ሁለታችን ስለ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የንግድ ከተሞች የሚያስተምር ኮርስ ወስደን ነበር። ቬኒስ፣ ብሩዥ፣ ሉቤክ። የሞያ ማኅበራት፣ የወደብ ቀረጥ፣ የገበያ ሕግ፣ የነጋዴ ሰፈር። ጥሩ ኮርስ ነበር፤ ወደነዋል። በመጨረሻው ሳምንት አስተማሪዋ ‹‹እያንዳንዳችሁ ቤተሰባችሁ የመጣበትን ከተማ አስቡና በተማርነው መለኪያ መዝኑት›› አለችን። አንዱ የአያቱን ሉብሊን አመጣ፣ አንዷ ባግዳድን፣ ሌላው ፌዝን። ተራው እኛ ዘንድ ሲደርስ ‹‹የእኛ ወላጆች ከገጠር ነው የመጡት፣ ከተማ የለንም›› ብለን አለፍን።

ማንም አላስገደደንም፣ ማንም አልሰደበንም። ራሳችን ነን ያልነው። ይህን የምንጽፈው በዚያች መልስ ስላፈርን ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ሄፍጺባ ሰፈር በሚኖሩት በአንዳችን አያት ቤት ተቀምጠን ነገሩን ስናወራ ሽማግሌው ያዳምጡ ነበር። ‹‹ከተማ የለንም አላችሁ?›› አሉ። ‹‹ታዲያ የጎንደርን ግንብ ድንጋይ የጠረበው ማን ይመስላችኋል?›› እኛም ደስ ብሎን ‹‹አባባ፣ እስቲ ይንገሩን›› ስንል ዝም አሉ። ‹‹ተውት፣ የእጅ ሥራ ነገር ነው፤ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል›› ብለው ቡናቸውን አነሡ።

ያ ጥያቄና ያ ዝምታ አብረው ወደ ቤተ መጻሕፍት ላኩን። ያገኘነውን ባጭሩ እንንገራችሁ።

አፄ ፋሲል በ1636 ገደማ መናገሻቸውን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ሲተክሉ፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት ለረጅም ጊዜ በድንኳን ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ኖረው ነበር። ጎንደር ቋሚ ከተማ ሆነች። ከተማዋም የቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረችም። የሲራራ ነጋዴ በአንድ በኩል ከምጽዋ፣ በሌላ በኩል በመተማ በኩል ከሰናር፣ በደቡብ ደግሞ ከጎጃምና ከዓባይ ማዶ ይገባባታል። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ጥጥ፣ ሰም፣ እንዲሁም (መደበቅ የለብንም) ባሪያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግላል፤ በኋላ የማሪያ ቴሬዛ ብር ተጨመረ። ቀረጥ በየኬላው ይሰበሰባል፤ የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራስ ይባላል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ደርሶ፣ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተሰብ እንደሚኖርባት ጽፏል። በኮርሱ ላይ ካየናቸው ከተሞች ስንቶቹ ከዚህ ያነሱ ነበሩ!

ከተማዋ በሰፈር የተከፈለች ነበረች። የጳጳሱ አቡን ቤት፣ የእጨጌው እጨጌ ቤት፣ የሙስሊም ነጋዴዎቹ እስላም ቤት፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ ካይላ ሜዳ። ይህ አከፋፈል ዝም ብሎ አልመጣም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668፣ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችም ‹‹ካይላ›› የተባሉት ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኖች ተለይተው የራሳቸውን መንደር ይዘው እንዲኖሩ ተወሰነ። ከ10 ዓመት በኋላም ትእዛዙ ታደሰ። አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መውጣቱ፣ የመጀመሪያውን ሰዉ በደንብ እንዳልሰማው ይነግረናል። ምናልባት ጎረቤት ከጎረቤት መለየት አልፈለገ ይሆናል፤ ይህ ግምታችን ነው።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ ‹‹እንዴ፣ ይኼ ጌቶ ነው እኮ!›› አለች። በቬኒስ አይሁድ በአንድ ደሴት ተወስነው፣ በራቸው ማታ ማታ እንዲዘጋ የታዘዘው በ1516 ነው፤ በሮቹ የተነሡት በ1797 ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው አንልም። በጎንደር በሩን የሚቆልፍ ዘበኛ እንደነበር አላነበብንም፤ ለብቻ የመኖሩም ነገር ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ አልነበረም። አያቶቻችን ራሳቸው ከሌላው ጋር መነካካትን ይሸሹ ነበር፤ ከገበያ ሲመለሱ በውኃ ሳይነጹ ቤት አይገቡም፣ ጎረቤቶቻቸውም ‹‹አትንኩኝ›› ይሏቸው ነበር። መለየቱ ከላይ ትእዛዝ፣ ከውስጥ ደግሞ ሃይማኖት ነበር።

እኛን ይበልጥ ያስገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ የአውሮፓ ከተሞች የሞያ ማኅበራት አይሁድን አያስገቡም ነበር። አንጥረኛ፣ ግንበኛ፣ ሸማኔ መሆን የተከለከለ ሰው ወደ ንግድና ወደ ብድር ተገፋ። በጎንደር የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ነበር። ርስቱ የክርስቲያኑ ነው፤ ቤተ እስራኤል ርስት ማጣት የጀመረው ከጎንደር በፊት፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች ወዲህ እንደሆነ ሽማግሎቻችን ይተርካሉ። ለቀረነው የቀረልን እጃችን ነበር። ብረት ቀጠቀጥን፣ ሸማ ሠራን፣ ሴቶቻችን ሸክላ ሠሩ፣ ነገሥታቱ ግንብ ሲያስገነቡ ደግሞ ድንጋይ ጠረብን፣ እንጨት አለዘብን። እዚያ አይሁዳዊው መዶሻ እንዳይዝ ተከለከለ፤ እዚህ ከመዶሻ በቀር ምንም እንዳይዝ ሆነ። የሁለቱም መጨረሻ ስድብ ነው። እዚያ ‹‹አራጣ በላ››፣ እዚህ ‹‹ቡዳ››።

ስለ ግንበኞቹ እንቆይ፣ ምክንያቱም ሽማግሌው ዝም ያሉት እዚህ ላይ ነው። ግንብ በኖራ መሥራት ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋ ጥበብ ነው። ኖራ ማቃጠል፣ ድንጋይ መምረጥ፣ ቅስት ማቆም፣ ክብ ማማ ማውጣት በአንድ ቀን አይለመድም። ይህን ከለመዱት መካከል የእኛ ሰዎች እንዳሉበት የቤተ እስራኤል ትውፊትም ይናገራል፣ የታሪክ ተመራማሪዎችም ይቀበሉታል። ከእነሱ አንዳንዶቹ በሥራቸው ማዕረግና መሬት እስከ ማግኘት ደርሰዋል። ማለትም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል፣ የጎንደር ግንቦች በሚሠሩበት ዘመን፣ ጠራቢነትና አናጺነት ክብር ያለው ሥራ ነበር። ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ የነገሥታቱ ገንዘብ ደረቀ፤ የሚያስገነባ ጠፋ። መሬቱም ማዕረጉም ሄደ። የቀረው የማረሻና የማጭድ ቅጥቀጣ፣ የእንስራና የምጣድ ሥራ ነው፤ የገበሬው ሁሉ ኑሮ የቆመበት፣ ገበሬው ግን የሚንቀውና የሚፈራው ሥራ። ከተማዋም አልተረፈችም። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 አቃጠሏት፤ በ1888 ደግሞ መሐዲስቶች መጡባት።

ስለዚህ ‹‹የእኛ ወላጆች ከገጠር ነው የመጡት›› የሚለው መልስ ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ነው። ወለቃና አምቦበር መንደር ናቸው። ግን ወለቃ ከጎንደር ወጣ ብላ የተቀመጠችው ለከተማዋ ሸክላና ብረት ለመሸጥ በሚመች ርቀት ላይ ነው። የከተማዋ ትልቁ ገበያ እስከ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ይባላል። እስቲ አስቡት፤ በሰንበት ቀን ገበያ የሚቆምበት ከተማ ጫፍ ላይ፣ በዚያ ቀን እሳት የማያነድ፣ ገንዘብ የማይነካ፣ ዕቃ የማይሸከም ሕዝብ። የአንዳችን አያት፣ ሸክላ ሠሪ የነበሩት፣ ‹‹የኛ ጋን የሚሸጠው ሌላው ሰው ገበያውን ከጨረሰ በኋላ ነው›› ይሉ ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎን ስቀናል።

አሁን ወደ ኔታንያ እንምጣ። በምንኖርባት ከተማ ትምህርት ቤት ሳለን ምን ተማርን? በ1929 እንደተመሠረተች፣ ስሟ ከናታን ስትራውስ እንደመጣ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአንትወርፕ የተሰደዱ የአልማዝ ሞያተኞች ሥራቸውን ይዘው መጥተው ከተማዋን የአልማዝ ከተማ እንዳደረጓት ተማርን። ደስ የሚል ታሪክ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከነበረ የንግድ ከተማ በእጃቸው ያለውን ጥበብ ብቻ ይዘው የመጡ ሰዎች እዚህ ከተማ ሠሩ። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የአንትወርፕ አልማዝ ጠራቢ እጅ በከተማው ታሪክ ሲገባ፣ የጎንደር ድንጋይ ጠራቢ እጅ ለምን ‹‹ሞያ የሌለው ሠራተኛ›› ተብሎ በቅጽ ላይ ተጻፈ? ከአባቶቻችን አንዱ እዚህ ሲደርሱ ‹‹ምን መሥራት ትችላለህ?›› ተብለው ብረት ቀጥቃጭ መሆናቸውን ለመናገር አፍረው ‹‹ገበሬ›› አሉ። ከዚያ በኋላ 26 ዓመት በጽዳት ሠሩ። ጠያቂውን አንወቅስም፤ የተባለውን ጻፈ። ያሳፈራቸው ከዚያ ይዘውት የመጡት ስድብ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ስናሳይ ሁለት ተቃውሞ ሰማን። አንደኛው ‹‹ወላጆቻችን ያንን ስም ጥለው መጥተዋል፤ እናንተ ለምን ታነሡባቸዋላችሁ? ‹ቡዳ› የሚለውን ቃል ታናናሾቻችን እንዲያውቁት አንፈልግም›› የሚል ነው። ይህን በቀላሉ አናልፈውም። ከእኛ መካከል አንዱ እናቱን ስለ ሸክላ ሲጠይቃት ተነሥታ ከክፍሉ ወጥታለች። ግን ቃሉን ባንናገረው ዝምታው ይናገረዋል። ልጁ አያቱ ለምን ስለ ሥራቸው እንደማይናገሩ አያውቅም፤ የሚረዳው የሚያሳፍር ነገር እንዳለ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ‹‹ጎንደር የነገሥታቱ ናት፤ ለይተው ጫፍ ላይ ላስቀመጡን ሰዎች ከተማ ምን ያስመካናል?›› ይላል። በነገሥታቱ አንመካም። የቬኒስ አይሁድ ልጆች ቬኒስን ሲያጠኑ በዶጁ ይመካሉ ወይ? የሚያጠኑት የራሳቸው ሰዎች እዚያ የሠሩትንና የተሠራባቸውን ነው። እኛም ከዚያ የበለጠ አልጠየቅንም።

በሲግድ ምሽት መድረክ ላይ የፋሲል ግንብ ሥዕል መሰቀሉ የተለመደ ነው። ከፊቱ እስክስታ እንመታለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ሥዕሉ ተጠቅልሎ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይገባል። እስክስታ አንጠላም፤ ከአዘጋጆቹ ሁለታችን ሳንጨፍር የቀረንበት ዓመት የለም። ነገር ግን የማኅበራችን የባህል በጀት ትንሽ ናት፤ አብዛኛው ለድምፅ ማጉያና ለባንድ ይሄዳል። በዚህ ዓመት የዚያ ገንዘብ ግማሽ ለሌላ ነገር እንዲውል ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን፦ የኔታንያን ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ግንበኞች ድምፅና ምስል ለመቅዳት። የምንጠይቃቸው ‹‹ዓሊያ እንዴት ነበር›› ብቻ አይሁን፤ እሱን ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። ወናፉ ከምን ቆዳ ይሰፋል? ብረቱ ‹‹በቃኝ›› የሚለው ምን ዓይነት ቀለም ሲይዝ ነው? ጋኑ እንዳይሰነጠቅ ጭቃው ውስጥ ምን ይገባል? ማረሻውን ስንት ሸጡት፣ በገንዘብ ወይስ በእህል? የገዛው ሰው ስማቸውን ጠርቶ ያውቃል? የሴሜስተር ወረቀት የምትጽፉ የታሪክና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ደግሞ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ምንጩ ፎቅ ቤት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ ዕድሜውም ሰማንያ አልፏል።

ሽማግሌው ዘንድ ባለፈው ሳምንት ተመልሰን ሄደን ነበር። ስልካችንን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ‹‹አባባ፣ ወናፉን በየትኛው እጅ ነው የሚይዙት?›› ብለን ጠየቅን። ከተማ፣ ታሪክ፣ ንጉሥ የሚል ቃል አላነሣንም። ትንሽ አሰቡ፣ ከዚያ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ወርደው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ሁለቱንም እጃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አሳዩን። ‹‹በሁለቱም ነው እንጂ!›› አሉ። ‹‹አንዱ ሲነፋ አንዱ ይስባል፤ እሳቱ እንዳይተኛ።›› ቀረጻው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ።