የምስጢር ቁጥሩን ሳይሆን የቤቱን ድርሻ

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የብዙዎቻችሁን ቤት የሚያንኳኳውን አንዱን መርጠናል። ጸሐፊዋ የአንድ አስር አለቃ ባለቤትና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ ቃላቸውን ብቻ እናቀርባለን።

«ባለቤቴ ለግዳጅ ከወጣ አራተኛ ወሩን ይዟል። ደመወዙ የሚገባው በእርሱ የባንክ ሒሳብ በመሆኑ፣ የቤት ኪራዩንም፣ ውሃውንም፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትም ባለበት ሆኖ በስልኩ ይከፍል ነበር። የመብራቱን ካርድ የማስሞላውም እርሱ በሚልክልኝ ገንዘብ ነው። ባለፈው ወር ግን መስመር ወደሌለበት ስፍራ ስለተዛወረ ለሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። የኪራዩ ቀን አለፈ፤ ካርዱም በትልቋ ልጄ የፈተና ዋዜማ አልቆ በሻማ አጠናች። ለጥቂት ቀን ፈቃድ በመጣ ጊዜ ሲም ካርዱን ከነምስጢር ቁጥሩ እንዲተውልኝ ጠየቅሁት። ‹የምስጢር ቁጥር ለሚስትም ቢሆን አይነገርም› አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን ይህ አለማመን አይደለምን? ተቀያይመን ተለያየን።»

እኅታችን ሆይ፣ ቅሬታዎ ይገባናል። እንደኛ አስተያየት ባለቤትዎ በአንዱ ነገር ልክ ናቸው፤ በሌላው ግን ጎድለዋል።

ልክ የሆኑበትን እናስቀድም። በጥበቃ ላይ ያለ ወታደር የዕለቱን የይለፍ ቃል ከጥበቃው ውጭ ላለ የልብ ወዳጁ እንኳ አይነግርም። የማይነግረው ወዳጁን ስለማያምን ሳይሆን ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። የምስጢር ቁጥርም እንደ ፊርማ ነው፤ በእርሱ የተፈጸመ ክፍያ ሁሉ የሒሳቡ ባለቤት እንደፈረመበት ይቆጠራል። ቁጥሩን ሁለት ሰዎች ካወቁት፣ አንድ ቀን ገንዘብ ቢጎድል ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚገባው ወደ ጓዳ ነው። እንግዲህ ምስጢሩን መጠበቅ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ትዳሩንም መጠበቅ ነው።

ጉድለታቸው ደግሞ ይህ ነው፤ የጎተራውን ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው ሲሄዱ ለቤተሰቡ የሚበላውን አውጥተው አላስቀመጡም።

ነገሩ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ቀድሞ መብራቱ በአንድ መስኮት፣ ውሃው በሌላ፣ ስልኩም በሦስተኛው ሰልፍ ተይዞ ይከፈል ነበር። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመሩት «ለሁሉ» የተባሉ የክፍያ ማዕከሎች እነዚህን ወደ አንድ መስኮት ሰበሰቧቸው። ከዚያም ባንኮች አገልግሎታቸውን በስልክ ማቅረብ ያዙ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ላይ አዋለ። ሰልፉ ቀለለ። ነገር ግን ቀድሞ ቢሉንና ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ስትሰለፍ የነበረችው የቤት እመቤት ከሰልፉ ጋር ከሥራውም ወጣች፤ የቤቱም ወጪ በደመወዝተኛው ስልክ ውስጥ ተቆለፈ። ስልኩ ዝም ያለ ዕለት ቤቱም ዝም ይላል።

መፍትሔው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ባልየው ጓዙን ከመሸከፉ በፊት ሁለቱ አንድ ምሽት ተቀምጠው የሚከተለውን ቢፈጽሙ ይበቃል።

በመጀመሪያ አንድ ደብተር ይዘጋጅ። የወሩ ክፍያ ሁሉ በየተራ ይጻፍበት፤ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ ለማን፣ በየትኛው የደንበኛ ቁጥር። በኪራይ ቤት የሚኖሩ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የመብራቱና የውሃው ቢል ብዙውን ጊዜ በአከራዩ ስም ነው። ስለዚህ ሊከፍሉ ሲሉ በስልኩ ላይ የሌላ ሰው ስም ቢመጣ እንዳይደናገጡ፣ የአከራዩም ስም በደብተሩ ይስፈር።

ሁለተኛ፣ ሚስት በስሟ በተመዘገበ ሲም ካርድ የራሷን የባንክ ሒሳብ ትክፈት፤ የምስጢር ቁጥሯም የራሷ ብቻ ይሁን። የልደት ዓመትን ወይም የስልኩን የመጨረሻ ቁጥሮች ለምስጢር ቁጥርነት መምረጥ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደ መተኛት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ነው። ባል ወደ ባንኩ ቀርቦ፣ ከደመወዙ ይህን ያህል ብር በየወሩ በዚህ ቀን ወደ ባለቤቴ ሒሳብ ይተላለፍ ብሎ በጽሑፍ ያዛል። ትዕዛዙን የሚፈጽመው ባንኩ ስለሆነ ባልየው መስመር ባያገኝም ገንዘቡ ይደርሳል። ብቻ በዚያ ቀን በሒሳቡ በቂ ገንዘብ መኖር አለበት፤ ስለዚህ ቀኑ ደመወዝ ከሚገባበት ሁለት ሦስት ቀን ዘግየት ቢል ይመረጣል።

ከዚህ በኋላ ክፍያው የወይዘሮዋ ሥራ ነው። ዘመናዊ ስልክ የግድ አያስፈልግም። በተራ ስልክም ቢሆን ለቴሌብር *127#፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ *889# ተደውሎ የሚመጣውን ዝርዝር መከተል ይቻላል። የምስጢር ቁጥሩን ከማስገባት በፊት ስሙንና የብሩን ልክ ከደብተሩ ጋር ማመሳከር ነው። ክፍያው ሲፈጸም የሚደርሰው የጽሑፍ መልእክት ደረሰኝ ነውና አይሰረዝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለእንዲህ ያለው መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። የመልእክቱ ቁጥርና ቀኑ በደብተሩ ቢገለበጥ ደግሞ ስልኩ ቢጠፋም ማስረጃው አይጠፋም።

ስለ አጭበርባሪዎችም አንድ ቃል እንጨምር። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ ባንክ የምስጢር ቁጥር በስልክ እንደማይጠይቅ አስታውሶ መዝጋት ነው። «በስህተት ብር ልከንልዎታልና ይመልሱልን» የሚል መልእክት ቢመጣም፣ በርኅራኄ ከመቸኮል በፊት በሒሳቡ የገባ ገንዘብ መኖሩን ራስ ማየት ይገባል። ስልክ ከጠፋ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንኩና ለቴሌ ማስታወቅ ነው።

መስመር በከተማም ይቋረጣልና፣ የአንድ ሳምንት አስቤዛና የመብራት ካርድ መሙያ የሚሆን ብር በእጅ ማስቀመጥ የቤት እመቤት ብልኀት ነው። ለዕድር ሰብሳቢውም ቢሆን ጥሬ ብሩ ያስፈልጋል።

እንግዲህ እኅታችን፣ ባለቤትዎ ሲደውሉ የምስጢር ቁጥራቸውን አይጠይቋቸው። የቤቱን ድርሻ በቋሚ ትዕዛዝ እንዲለዩልዎ ይጠይቋቸው። እርስዎም ወንድማችን አስር አለቃ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ ወደ ባንክ ለመቅረብ የሚቀጥለውን ፈቃድ ይጠቀሙበት። ቁጥሩን መደበቅዎ አለማመን እንዳልሆነ ባለቤትዎ የሚረዱት፣ የወሩ ገንዘብ እርስዎ ሳይደውሉ በራሳቸው ስልክ የደረሰ ዕለት ነው። ልጅዎም ለሚቀጥለው ፈተና በመብራት ታጠናለች።