በዘይት ሲጠበስ ይሞታል

«ትል ቢኖርበትስ? በዘይት ሲጠበስ ይሞታል!»

ይህን ያሉት ሰው የዓሣ ጫጩት ወደ ውሃ በሚለቀቅበት ሥነ ሥርዓት ላይ የክብር እንግዳ ነበሩ፤ ያየኋቸው በቴሌቪዥን ነው። ስማቸውን አላነሳም፤ በእሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ቢቆምም ያንኑ ይል ነበርና። አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ዜና እንግዳ የሆነ ጥያቄ አነሳች፤ ጫጩቶቹ ከጥገኛ ተሕዋስ ነጻ መሆናቸው ታይቷል ወይ አለቻቸው። ሰውዬው ሳቁ። ዙሪያቸውን የቆሙትም፣ አለቃ ሲስቅ አብሮ መሳቅ ደንብ ነውና፣ ሳቁ። ከዚያ ጫጩቱ ከነውሃው ያለበት ላስቲክ ተፈታ፣ ጫጩቱ ተለቀቀ፣ ተጨበጨበ።

ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ውሃው ነው፤ እሳቸው የመለሱት ስለ ምሳቸው። ከመጥበሻ ወዲያ የሚታያቸው ነገር ቢኖር ኖሮ ሐይቅ ውስጥ የሚኖረው ነጭ ዓሣ ምጣድም ዘይትም እንደሌለው ይገባቸው ነበር። እሱ ያገኘውን በጥሬው ነው የሚውጠው። ትሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የእስያ የዓሣ ኮሶ የሚባል ትል አለ። የትውልድ አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ዓለምን የዞረው ግን በራሱ አቅም አይደለም፤ ሰዎች ለእርባታ ሲሉ ከአገር አገር ባጓጓዟቸው ካርፕ የሚባሉ ዓሦች አንጀት ውስጥ ተሳፍሮ ነው። እንቁላሉ ከዓሣው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይወርዳል፣ ይፈለፈላል። የተፈለፈለውን በዓይን እምብዛም የማይታዩ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ይውጡታል። ነፍሳቱን ደግሞ ትናንሽ ዓሦች ይበሏቸዋል። ትሉ በዓሣው አንጀት ተጣብቆ ያድጋል፤ ሲበዛም አንጀቱን ይደፍነዋል። ክፉኛ የሚጎዱት ገና በማደግ ላይ ያሉት ዓሦች ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ትሉ ከዓሣ ወደ ዓሣ ሲተላለፍ መጥበሻ የሚባል ነገር በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜም አያጋጥመውም።

ለምን ሩቅ አገር ትሄዳለህ ለሚሉኝ፣ የምሄደው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሳር በል ካርፕ አስገባች፤ ትሉም አብሮ ገባ። ከዚያ በኋላ በቫል ግድብ ተመራማሪዎች ዓሣ እየከፈቱ ሲያዩ ትሉን ያገኙት ቢጫ ዓሣ በሚሏቸው የአገሬው ዓሦች አንጀት ውስጥ ነው። እነዚህ ዓሦች ከጣናው ነጭ ዓሣ ጋር ወገን ናቸው፤ ሳይንሱ ሁለቱንም ላቤዮባርበስ በሚል አንድ የወገን ስም ይጠራቸዋል። ትሉ የቫሉን አንጀት ከተስማማው የጣናውን የሚጠየፍበት ምክንያት አይታየኝም። ካርፕ ደግሞ እኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ዝዋይና ቆቃ ላይ ከከተመ ቆይቷል።

«ጫጩቶቹን እኮ አየናቸው፣ ጤነኞች ናቸው፣ ይዋኛሉ» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። መዋኘት የጤና ምስክር ወረቀት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ከጥገኛው ጋር አብሮ የኖረ ዓሣ ብዙ ጊዜ ተሸክሞት ይኖራል፤ የሚሞተው ተላምዶት የማያውቀው የአገሬው ዓሣ ነው። ከቻይና በመጣ የካርፕ ጫጩት መሀል ተደባልቃ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሩማኒያ የገባች አንዲት ትንሽ ዓሣ አለች፤ ፕሲውዶራስቦራ ይሏታል። ማንም አላዘዛትም፤ በጭነት መሀል ሾልካ ገባች። ከዚያ ወዲህ አውሮፓን አዳርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት እሷ ራሷ ሳትታመም የምትሸከመው ተሕዋስ የአውሮፓን አንድ አነስተኛ ዓሣ እንቁላል ከመጣል እንደሚያግደውና እንደሚገድለው አሳየ። ለተመልካች እሷም ጤነኛ ነበረች። ትዋኝም ነበር።

የዶሮ ጫጩት የሚገዛ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተከትቧል?» ብሎ ነው። አንድ ሺህ ዶሮ ቢሞትበት የሚከስረው እሱ ነዋ! ሐይቅ ሲሆን ግን ከሳሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህም የሚጠይቅ የለም። ዜናው «ይህን ያህል መቶ ሺህ ጫጩት ተጨመረ» ብሎ ቁጥሩን ይነግረናል፤ ከየትኛው ውሃ እንደመጡ፣ ከመካከላቸው ስንቶቹ ተከፍተው እንደታዩ፣ ምን እንደተገኘባቸው አይነግረንም። የቆጠረ ሰው አለ። የመረመረ ካለስ ለምን አይነገረንም?

ደግሞ «የራሳችን ቆሮሶ ነው፣ ከውጭ አላመጣነውም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ዋና መከራከሪያ አገኘን ብለው ነው። የኖርዌይ ሰዎችም ከጎረቤት ስዊድን ማራቢያ ያመጡት ሳልሞን ዝርያው ያው ሳልሞን ነበር። ልዩነቱ፣ የስዊድኑ የባልቲክ ባሕር ሳልሞን ጋይሮዳክቲለስ የምትባለዋን ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ጥገኛ ከጥንት ጀምሮ ለምዷታል፤ የኖርዌዩ ግን አያውቃትም። ይቺ ፍጡር እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፤ ልጇም ራሷ እርጉዝ ሆና ትወለዳለች። መራባት ማለት ይህ ነው! እ.ኤ.አ. በ1975 ኖርዌይ ውስጥ ታየች፤ ከዚያ ወደ 50 የሚጠጉ ወንዞችን አዳረሰች፤ በያዘቻቸው ወንዞች የሳልሞኑ ግልገል አብዛኛው አለቀ። ድንበር የሚለካው በፓስፖርት አይደለም፤ በውሃ ነው። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የተወሰደ ዓሣ፣ ሁለቱም የኢትዮጵያ ሐይቆች ቢሆኑ እንኳ፣ ለገባበት ውሃ እንግዳ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ያለው ውሃም እንግዳ ነው፤ ትሉን የዋጡት ነፍሳት የሚጓዙት በዚያ ውስጥ ነውና።

ጣናን እንውሰድ። ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው 15 የሚሆኑ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የሉም። ሊኖሩ የቻሉት ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ እንደ ግንብ ቆሞ ስለጠበቃቸው ነው። ይህን ግንብ ጫጩት በላስቲክ የጫነ መኪና በአስፋልት ያልፈዋል። ጣና የራሱ ጥገኛ የለውም እያልኩ አይደለም፤ አለው። ሊጉላ የሚባለው ትል በትናንሾቹ የሐይቁ ዓሦች ሆድ ውስጥ ሲያድግ ሆዳቸውን እንደሚነፋ በጥናት ተጽፏል። ያለው ስቃይ ይበቃዋል፤ ሌላ ጨምሩለት የሚያሰኝ አይደለም። እምቦጭ ሲመጣ ቢያንስ ይታይ ነበር፤ ሕዝብ ጎርፎ ወጥቶ በእጁ ነቀለ፣ አቃጠለ። የዓሣ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ማን በምን እጁ ይነቅለዋል?

አዋጅ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995። ትሉ ግን ነጋሪት ጋዜጣ አያነብም።

ዓሣ አይብዛ የሚል ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። ይብዛ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ በፍስኩ እኔም ተጠብሶ ሲቀርብልኝ አልመልስም። ከመልቀቁ በፊት ለይቶ ማቆየት፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂቱን ከፍቶ ማየት፣ የታየውን ጽፎ ለሕዝብ ማሳወቅ፤ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ከሥነ ሥርዓቱ ድንኳንና ከቆብ ማሳተሚያው የበለጠ ወጪ ያስወጣል ብዬም አላምንም። ይህ የምርመራ ወረቀት እስካልቀረበ ድረስ አንድም ላስቲክ ጣና ዳር ሊፈታ አይገባም።

«በኋላ ቢታመም ይታከማል» ለሚሉ ደግሞ ኖርዌዮች እንዴት እንዳከሙ ልንገራቸው። ሮቴኖን የሚባል መርዝ ወንዙ ውስጥ ለቀው በውስጡ ያለውን ዓሣ በሙሉ፣ የታመመውንም ጤነኛውንም፣ ፈጁት፤ ከዚያ አስቀድመው ለይተው ካስቀመጡት የሳልሞን ዘር እንደገና አራቡ። አሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እነሱ ያከሙት ወንዝ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐይቅ ነው፤ መርዞ እንደ አዲስ መጀመር አይቻልም።