ቧንቧው ሲያንኳኳ

ጀበና ሲንተከተክ ቡናው መድረሱን የማያውቅ የሚዛን ተፈሪ ወይም የቴፒ ሰው የለም። ድምፁን ሰምቶ ከእሳት ያወርደዋል እንጂ ውስጡን ልይ አይልም። ነገር ግን ያው የቡና አገር ሰው የቤቱ ቧንቧ ሲያስል፥ ሲያንኳኳ ወይም ሲያንጎራጉር ቢሰማ፥ «አመሉ ነው» ብሎ ይተወዋል። አንባቢዬ ሆይ፥ ቧንቧም እንደ ጀበና ይናገራል፤ ንግግሩም ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ሳል ነው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ቧንቧው ያስላል፥ ይተፋልም። ምክንያቱ አየር ነው። ውሃው ሲቋረጥ መስመሩ ባዶ ይሆንና አየር ይገባበታል። እንደ ሚዛን ተፈሪ ባለ ወጣ ገባ መሬት መስመሩ ኮረብታ ሲወጣና ሸለቆ ሲወርድ፥ አየሩ ቀላል ስለ ሆነ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይከማችና የውሃውን መንገድ ያጠብባል። ስለዚህ ከምንጭ በሚሳብ መስመር ላይ የአየር ማስወጫው ከኮረብታው ጫፍ፥ የደለል ማፍሰሻው ደግሞ ከሸለቆው ይደረጋል። በቤትዎ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሁሉ ከፍ ብሎ ያለውን ቧንቧ ጥቂት ከፈት ያድርጉ፥ ዋናውን መዝጊያ በዝግታ ይክፈቱ፥ ፉጨቱ አልቆ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድም ይጠብቁ። የመጀመሪያው ድፍርስ ውሃ ለግቢ እንጂ ለመጠጥ አይሁን፤ መስመሩ ባዶ በነበረ ጊዜ በስንጥቁ ቆሻሻ ሊገባበት ይችላልና።

ሁለተኛው ምት ነው። ቧንቧውን ቶሎ ሲዘጉት፥ በግድግዳው ውስጥ መዶሻ ያረፈ ያህል «ድም» ይላል። 10 ሜትር በሚረዝም የግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጥ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ አለ። ይህ ሁሉ በሩጫ ላይ ሳለ በድንገት ቁም ሲባል፥ ጉልበቱ የሚሄድበት ስለሚያጣ ቧንቧውን ይመታል። ዡኮቭስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ በሞስኮ የውሃ መስመር ላይ ይህንን መርምሮ ሕጉን አገኘ። በዚህ ሕግ ብናሰላው፥ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በቅጽበት ቢገታ፥ የሚፈጥረው ግፊት ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 10 እጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ይህ ምት በየቀኑ ሲደጋገም መጋጠሚያውን ያላላል። ከላላ መጋጠሚያ የሚንጠባጠብ ውሃ የጭቃ ግድግዳን ከውስጥ ያርሳል፥ ማገሩንም ያበሰብሳል፤ የቤቱ ሰው የሚያውቀው ልስኑ ሲወድቅ ነው። የውሃውም ሂሳብ ከወር ደመወዝ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል! ቧንቧውን በዝግታ ይዝጉ፤ የሚወዛወዘውን መስመር ከግድግዳው ጋር በማሰሪያ ያጥብቁ። ይህ ካልበቃ፥ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተው ከመክፈቻው አጠገብ ጫፉ የተደፈነ አጭር ቧንቧ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ እንዲያቆም ያድርጉ። በዚያ ውስጥ የታሰረው አየር ምቱን እንደ ትራስ ይቀበለዋል። ሆኖም ውሃው አየሩን ቀስ በቀስ ስለሚወስደው፥ ድምፁ ሲመለስ ዋናውን ዘግቶ መስመሩን በማፍሰስ አየሩን ማደስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ማንጎራጎር ነው። ቧንቧው በግማሽ ሲከፈት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ አርጅታለች ወይም ላልታለች። ዋናውን ዘግቶ እርስዋን መለወጥ ነው።

ከአንባቢዎቼ መካከል ለትምህርት ወደ ብርድ አገር የሚሄድ ቢኖር፥ በክፍሉ ግድግዳ ሥር ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርበት የብረት ማሞቂያ ያገኝ ይሆናል። ሌሊት ቢንቦጫቦጭ፥ ሥሩ ትኩስ ሆኖ ላዩ ቢቀዘቅዝ፥ ምክንያቱ በኮረብታችን ጫፍ ላይ እንደሚከማቸው ያለ አየር ነው። ማሞቂያው ጠፍቶ እስኪበርድ ይቆይ፤ ጨርቅና ኩባያ ደግኖ በላይኛው ጫፍ ያለችውን መዝጊያ በትንሽዋ ቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ያላላት፤ ፉጨቱ አልቆ ውሃ ብቻ ሲወጣ መልሶ ያጥብቃት። የግፊት መለኪያው ዝቅ ብሎ ቢያገኘው ለቤቱ ኃላፊ ይንገር።

አየር ያለ ቦታው ሲገባ ያስላል፤ በቦታው ሲቀመጥ ግን ከምት ያድናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቧንቧዎ ድምፅ ቢያሰማ፥ መፍቻ ከማንሣትዎ በፊት ጆሮዎን ያቅርቡና ሳል ነው፥ ምት ነው፥ ወይስ ማንጎራጎር ብለው ይጠይቁ።