መታሸትና አለመታሸት

በወግዲ የምንኖር ሰዎች የመታሸትን ጥቅም መጽሐፍ እስኪነግረን አንጠብቅም። ከዓባይ በረሓ ዳገቱን ሲወጣ የዋለ መንገደኛ ማታ እግሩን በሙቅ ውሃ ታጥቦ ባቱን በቅቤ ቢታሽ እንቅልፉ ይጣፍጠዋል። አራስ ወገቧን ትታሻለች፤ ሕፃንም ገላውን ታጥቦ በለጋ ቅቤ ይታሻል። ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ወደ ሜዳው የሚሮጠውንም ሰው «ወጌሻ» ብለን የምንጠራው በአገራችን ባለሙያ ስም ነው።

በውጭ አገር ይኸው ሥራ በየዐይነቱ ተከፋፍሏል። በስዊድን ስም የሚጠራው አምስት የእጅ አሠራር አለው፤ ይኸውም መዳበስ፥ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ሥጋን መጭመቅ፥ መፈተግ፥ መደብደብና ማንቀጥቀጥ ነው። ሺያትሱ የሚባለው የጃፓኖች ዘዴ ያለ ቅባት፥ በልብስ ላይ በአውራ ጣት መጫን ነው። የታይላንዱ ደግሞ እጅና እግርን እየሳበ ያፍታታል። ሁሉም የደከመ ጡንቻን ያላላሉ፤ የወገብን ሕመም ለጊዜው ያስታግሣሉ፤ መንፈስንም ያረጋጋሉ።

ነገር ግን የማይታሽም አለ። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክንዱን ታመመ። እኔም ያወቅሁ መስሎኝ «ወለምታ ነው» ብዬ ቅቤ አስመጥቼ ማሸት ጀመርሁ። ልጁ ጮኸ። በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ እጄን ይዘው፥ «ተው መምህር! ድካም ይታሻል እንጂ ስብራት አይታሽም» አሉኝ። ክንዱን ሳያጠብቁ በእንጨት ደግፈው፥ በነጠላ ካንገቱ አንጠልጥለው፥ ወደ ሐኪም እንድንወስደው አዘዙ። በራጅ ሲታይ በእርግጥ ተሰብሮ ነበር። ኮሌጅ የተማርሁት እኔ፤ ያወቁት ግን እርሳቸው!

ስለዚህ ልብ ይበሉ። ያበጠና የተጣመመ፥ ሲነኩት የሚያስጮህ እጅና እግር አይታሽ። የነፍሰ ጡር ሆድ አይታሽ፤ እንግዴ ልጁ ሊላቀቅ ይችላልና። አንዱ ባት ብቻ አብጦ ቢሞቅም አይታሽ፤ በደም ሥሩ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ፥ በቀርከሃ ተጠብቆ የታሰረ ክንድ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፥ ሳይውል ሳያድር እስሩ ይፈታ፤ ልጁም ወደ ሐኪም ይሂድ። በአገራችን በዚህ እስር ምክንያት እጃቸውንና እግራቸውን ያጡ ልጆች አሉ።

ቅቤውን ለደከመ ባት ያስቀምጡት፤ የተሰበረውን ግን ሳያሹ ለሐኪም ያድርሱት።