ልብስ አጥቦ የማይጨምቅ መኪና

ባለፈው ጥር ወር በአንድ ቅዳሜ በቤታችን ያለው የልብስ ማጠቢያ መኪና ልብሱን ካለቀለቀ በኋላ ውሃውን እንደ ያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤቴ ሠራተኛችንን ጠርታ «ምን አድርገሽው ነው?» ብትላት፥ ልጅቱ «እትዬ፥ እንደ ወትሮው ነው እንጂ ሌላ የነካሁት የለም» ብላ አለቀሰች። የተጠራውም ጠጋኝ አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደና ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። የጠየቀው ዋጋ የልጅቱን የብዙ ወር ደመወዝ የሚያህል ነበረ፤ ከደመወዟ ይቆረጥ የሚል ቃልም በቤቱ ውስጥ ተነገረ። እኔም ይህን ሰምቼ ዝም አልሁ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ዝምታ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አውጥቼ ተመለከትሁ። መኪናው በሚያጥብበት ጊዜ በውስጡ ያለው በርሜል በዝግታ፥ በደቂቃ 50 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሚጨምቅበት ጊዜ ግን 1000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። ውሃ እንደ ተሸከመ በዚህ ፍጥነት ቢዞር ስለሚጎዳ፥ ውሃው ካልፈሰሰ እንዳይሽከረከር ተደርጎ ተበጅቷል። እንግዲህ ሲያጥብ በደኅና ሲዞር የዋለውን ሞተር ተቃጥሏል ብሎ መፍረድ እጅግ ችኮላ ነው፤ አስቀድሞ የሚጠየቀው ውሃው ወጥቷልን? የሚለው ነው።

ካልወጣ ሶኬቱን መንቀል፥ ውሃውም ትኩስ እንደ ሆነ እስኪበርድ መታገሥ ይገባል። ከፊት በሚከፈቱት በብዙዎቹ መኪናዎች ግርጌ ትንሽ መዝጊያ አለች፤ ከእርስዋም ኋላ የፓምፑ ማጣሪያ ይገኛል። ከሥሩ ዝርግ ሳፋ አድርጎ ማጣሪያውን ቀስ በቀስ መፍታት ነው፤ ባንድ ጊዜ የፈታው ሰው ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ እኔም አጥለቅልቄአለሁ። ከእኛው ማጣሪያ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፥ የተጎነጎነ የነጠላ ክርና ሁለት የብር ሳንቲሞች ወጡ። ሳንቲሞቹ የማን እንደ ሆኑ አልጠፋኝም፤ የሱሪዬን ኪስ ሳልፈትሽ ለእጥበት የሰጠሁ እኔ ነኝ። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ውሃ የሚያፈሰው ጎማ በግድግዳው ተጨቁኖ እንዳልታጠፈ መመልከት ነው።

ውሃው ወጥቶ ሳለ አልሽከረከር ቢል ጥፋቱ ምናልባት የጋቢ ነው። ጋቢ ብቻውን የገባ እንደ ሆነ ውሃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ይከመራል፤ መኪናውም ሚዛኑ መጉደሉን ዐውቆ ጥቂት ይሞክርና ይተወዋል። አውጥቶ ማላላት፥ ሁለት ወይም ሦስት ፎጣ አብሮ መጨመር ይበቃዋል። ለእጅ እጥበት የተሠራ የዱቄት ሳሙናም አረፋው በዝቶ መጭመቁን ያሰናክላል። ነገር ግን ሞተሩ እየጮኸ በርሜሉ ካልዞረ፥ በእጅም ሲያዞሩት ያለ ልክ የሚቀል ከሆነ፥ ቺንጋው ወልቋል ወይም ተበጥሷልና ያን ጊዜ ጠጋኝ ይጠራ።

ሰኞ የመጣውን ጠጋኝ የመመላለሻውን ከፍለን አሰናበትነው። ልጅቱንም ባለቤቴና እኔ ይቅርታ ጠየቅናት። ዛሬ በመኪናው አጠገብ ከየኪሱ የሚገኘው የሚጠራቀምበት አንድ ጣሳ አለ፤ የሚበዛው ሳንቲም የእኔ ነው።