ስፒድ ሬሰር፦ ከመኪናዋ በፊት ቤተሰቡ

ፉጂ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1967 «ማሃ ጎጎጎ» የተባለውን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ማሳየት ሲጀምር ጃፓን በመኪና ፍቅር ተይዛ ነበር። በ1963 በሱዙካ የመጀመሪያው የጃፓን ግራንድ ፕሪ ተካሂዷል፤ በ1965 ሆንዳ ሜክሲኮ ላይ በፎርሙላ ዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፏል፤ በ1966 ቶዮታ ኮሮላን ለገበያ አቅርቧል። ታትሱኦ ዮሺዳ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ባቋቋመው ታትሱኖኮ ስቱዲዮ ይህን ፍቅር 52 ክፍል ያለው ተከታታይ አደረገው። ወንድማማቾች ባቆሙት ቤት የተወለደው ታሪክም የወንድማማቾች ታሪክ ሆነ።

ፊልሙን በልጅነቱ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ነጯን መኪና፣ ማክ ፋይቭን ነው። መሪዋ ላይ ካሉት ቁልፎች አንዱ ሲጫን ክሪኮቿ ወጥተው ያዘልሏታል፤ ሌላው ዛፍ የሚቆርጡ መጋዞች ያወጣል፤ ሌላው ውኃ ውስጥ ያስኬዳታል። ይህ ሁሉ ዮሺዳ በ«ጎልድፊንገር» ፊልም ካያት የጄምስ ቦንድ መኪና የመጣ ነው። እኔ ግን ይህን ሥራ ከ50 ዓመት በላይ ያኖረው የመኪናዋ ብልሃት አይደለም እላለሁ። ያኖረው የአንድ ቤት ጠብ ነው። ታላቁ ልጅ ሬክስ አባቱ የሠራውን መኪና በውድድር ላይ ያጋጫል፤ አባት ይቆጣል፤ ልጅ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ሬሰር ኤክስ ተብሎ ይመለሳል፤ ታናሽ ወንድሙንም ከአደጋ ይጠብቃል። ተመልካቹ ማንነቱን ያውቃል፣ ታናሹ አያውቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነዱ ልብ የሚያንጠለጥለው ታዲያ ማን ይቀድማል የሚለው ብቻ አይደለም።

ፒተር ፈርናንዴዝ ሥራውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፣ «ስፒድ ሬሰር» በሚለው ስም ዓለም ያወቀው ያኔ ነው፣ የሁለቱንም ወንድማማቾች ድምፅ የሠራው ራሱ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ የማይተዋወቁት ወንድማማቾች ከአንድ ጉሮሮ ይናገራሉ።

በኋላ የመጡት እድሳቶች ይህን ልብ አላገኙትም። የ1993ቱ የአሜሪካ ቅጂ በ13 ክፍል ቀረ። ታትሱኖኮ ራሱ በ1997 የሠራው አዲስ ተከታታይ ደግሞ መኪናዋን በጊዜ ውስጥ ወደ ወደፊቱ ዘመን ላካት፤ በ34 ክፍልም አበቃ።

ዳይሬክተሮቹ ዋቾውስኪዎች በተዋንያን የሠሩት የ2008ቱ ፊልም ግን የተለየ ነው፤ ያኔ የደረሰበት ውግዘትም ያሳዝነኛል። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ በዓለም ዙሪያ ያስገባው 94 ሚሊዮን አካባቢ ነው። «አይረን ማን» የተባለው ፊልም ከአንድ ሳምንት በፊት ወጥቶ ሲኒማ ቤቶችን ይዞ ነበር። ብዙ ሐያስያን ቀለሙ በዛ፣ ዓይን አደከመ አሉ። እኔ ግን ታማኝነቱን የማየው እዚያው ላይ ነው። የ1967ቱ ሠዓሊዎች ብዙ ሥዕል መሣል ስላልቻሉ መኪናዋን ባለችበት አቁመው ከኋላዋ ያለውን ሥዕል ያስሮጡ ነበር። በካርቱን ሥዕል ላይ ደግሞ ቅርቡም ሩቁም እኩል ጥርት ብሎ ይታያል። ዋቾውስኪዎች ጀርመን ውስጥ በባቤልስበርግ ስቱዲዮ ተዋንያኑን አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቀረጿቸው፤ ከዚያ ምስሎቹን በኮምፒዩተር አንዱን ባንዱ ላይ እየደረቡ ያንኑ ጥራት ሰጧቸው። ካርቱኑን እውነተኛ ለማስመሰል አልሞከሩም፤ ተዋንያኑን ይዘው ወደ ካርቱኑ ገቡ።

ጠቡንም አልረሱትም። ጆን ጉድማን የሚጫወተው አባት ያኔ ሬክስን ከወጣህ አትመለስ ብሎት ነበር። ሁለተኛው ልጁ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ሊወጣ ሲል ግን አጠገቡ ተቀምጦ ጥፋቱን ያምንለታል፤ ይህ በር አይዘጋብህም ይለዋል። የአክሲዮን ዋጋ ለማስወደድ አሸናፊውን አስቀድሞ የሚወስነው የሮያልተን ኩባንያና የቤተሰቡ ጋራዥ የሚፋለሙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጋራዧ የምትሠራው ለዘመድ ነው። ሬክስ ደግሞ ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስቀይሮ፣ ቤተሰቡ ድሉን ሲያከብር ከሩቅ አይቶ ዝም ይላል። በጭምብል ከመሸፈን የከፋ መሥዋዕትነት ነው፤ ካርቱኑም እስከዚህ አልደፈረም።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም፤ 135 ደቂቃ ለልጅ ረጅም ነው፣ በውስጡ ያለው የቺምፓንዚ ቀልድም ይበዛል። ቢሆንም ከ1967 ወዲህ ከተሠሩት ሁሉ ለዮሺዳ ሥራ የቀረበው እሱ ነው። ያኔ ንቃችሁ ያለፋችሁት ካላችሁ፣ ከወንድም ከእህቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ እንደገና እዩት።